ነጭ ሻሽ በማክሰኞ

ዮሴፍ ፏፏቴዬን መጀመሪያ ያየ ዕለት የጻፈልኝ አንድ መስመር ብቻ ነበር። «ጸዳለ፣ ይኼ ውኃ ነው ወይስ የሳሎን መጋረጃ?»

እውነቱን ነው፤ መጋረጃ ይመስል ነበር። ከገደሉ ጫፍ እስከ ታች ድረስ በእኩል ስፋት፣ በእኩል ውፍረት፣ እጥፋቱ ሳይዛነፍ ተንጠልጥሏል። ሦስት ቀን የለፋሁበት ነበርና ቢያንስ «ቆንጆ መጋረጃ» ቢለኝ ደስ ባለኝ። «አስተካክላለሁ» ብዬ መለስሁለት። በዚያን ጊዜ ለሰው የምመልሰው መልስ ሁሉ ይኸው ነበር።

ሥራዬን ማስረዳት እስካሁን ይከብደኛል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ከተመረቅሁ በኋላ፣ አዲስ አበባ ያሉ ሰባት ወጣቶች በሚሠሩት የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ለሦስት ወር ሙከራ ተቀጠርሁ። የቡድኑ ኃላፊ ዮሴፍ ነው። የምሠራው እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ከቤቴ ሆኜ ነው። ጨዋታው «ደጋ» ይባላል። በውስጡ ያለው ዓለም በሙሉ ከኩብ የተሠራ ነው፤ አፈሩ ኩብ፣ ድንጋዩ ኩብ፣ ውኃውም ኩብ። ተጫዋቹ አንድ ተራራ ሥር ባዶ እጁን ይነቃል። እንጨት ቆርጦ፣ ድንጋይ ፈልጦ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጠለያ መሥራት አለበት። ከዚያ ገብስ ይዘራል፣ በግ ያረባል፣ ብርዱን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሞተው ግን በብርድ ሳይሆን መንገድ ጠፍቶበት ነው፤ ኮረብታው ሁሉ ይመሳሰላላ። ስለዚህ ከሩቅ ሲታይ «አሃ፣ እዚህ ነኝ» የሚያሰኝ ነገር ያስፈልጋል። እኛ ምልክት እንለዋለን። በሰሜን በኩል ያለውን ትልቁን ምልክት መሥራት ለእኔ ተሰጠ።

እናቴ ለጎረቤት ስታስረዳ፣ «ኮምፒውተር ላይ ድንጋይ ትደረድራለች» ትላለች።

«ተምራ ተምራ ድንጋይ?»

«ኧረ ውኃም ታወርዳለች» ትላለች እናቴ፣ ለእኔ ተቆርቁራ።

መጋረጃውን አፍርሼ እንደገና ስጀምር የማውቀውን ፏፏቴ ለመሥራት ወሰንሁ። ጉና ሥር፣ የእናቴ ወንድም አያ ሙላቴ በሚኖሩበት መንደር አጠገብ ነጭ ሻሽ የሚባል ፏፏቴ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አያ ሙላቴ የሚካኤል ጽዋ ሲደርሳቸው እንሄዳለን፤ በማርያም እንሄዳለን፤ አንዳንድ እሑድም ብቅ እንላለን። በስልኬ የቀረጽሁትም ብዙ ነው፤ የኅዳርም፣ የጥርም፣ የየካቲትም አለ። እነሱን እያየሁ ሠራሁ። ውኃ በቀጥ ያለ ጠርዝ ላይ አይወርድምና የገደሉን ከንፈር ሸራረፍሁት፤ እዚህ ሁለት ኩብ፣ እዚያ አምስት ኩብ አነሣሁ። መሐል ላይ እንደ ጉልበት ወጣ ያለ ድንጋይ አስገብቼ ውኃው እየመታው ለሁለት እንዲከፈል አደረግሁ። ርጭቱ እስከሚደርስበት ድረስ ዐለቱን አጠቆርሁት፤ ከዚያ ወዲያ አመድማ ተውሁት። ጉሙን ነጣ ካሉ ደቃቅ ኩቦች ሠራሁ፤ እሱ ብቻ አራት ቀን ፈጀብኝ። ከታች እስከ ላይ ሰባ ኩብ ሆነ።

ዮሴፍ አየውና «አሁን ፊቴን ረጨኝ» ብሎ ጻፈ። ያቺን መልእክት ስንት ጊዜ እንዳነበብኋት አልናገርም።

ችግሩ የመጣው በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ነው። ታምራት የሚባል አለ፤ የጨዋታውን ዝናብና ወንዝ የሚሠራው እሱ ነው።

«በጨዋታው በየካቲት ወንዝ ሁሉ ይቀንሳል፤ ራሴ ነኝ ያደረቅሁት» አለ። «የጸዳለ ፏፏቴ ግን ነሐሴ የገባ ይመስል ይንደቀደቃል። በጋውን የት ጥላው ነው? ወይ ይድረቅ፣ ወይ ይውጣ።»

ስብሰባ የምገባው ድምፄን ዘግቼ ነው። እንደተለመደው በጽሑፍ መለስሁ፦ «ነጭ ሻሽ ክረምት ከበጋ አይነጥፍም።»

«አይተሻል ወይስ ሲወራ ሰምተሽ ነው?»

«አይቻለሁ። የካቲትም አይቻለሁ።»

ታምራት ሳቀ። ዮሴፍ ግን፣ «እንግዲያው እኔ ሄጄ አያለሁ» አለ። «በየካቲት ከወረደ ፏፏቴው ጨዋታው ውስጥ ይገባል፤ ጸዳለም ከእኛ ጋር ትቀጥላለች። የሙከራ ጊዜዋም በዚያው ሳምንት ያልቃል። ካልወረደ ደግሞ…»

ሳይጨርሰው ቀረ። እኔ በሆዴ ጨረስሁለት። አባቴ ሐሙሲት ውስጥ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት የጽሕፈት ሠራተኛ እንደሚፈልግ ከነገረኝ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። መልስ ይጠብቃል። ሐሙሲትን አልጠላትም፤ ገበያዋም ደስ ይላል። ነገር ግን እዚያ የምጽፈው የሰው ማመልከቻ ነው። ሰባ ኩብ ከፍታ ያለው ነገር የሚያዝዘኝ ማንም የለም።

ዮሴፍ የመጣው ማክሰኞ፣ የካቲት ዐሥር ቀን ነው። ከመናኸሪያው ተቀበልሁት። በስክሪን ከማውቀው ይረዝማል። ጫማው ነጭ፣ ሶሉ እንደ ቂጣ የሳሳ።

ከእሱ ጋር አንድ ችግር ነበረብኝ። አለቃዬ ስለሆነ አንተ ማለት ያሳፍረኛል፤ አንቱ እንዳልለው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ከልክሎኛል። ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ አንተም አንቱም ሳልል የምናገርበትን መንገድ ስፈልግ ኖርሁ።

«ጉዞው እንዴት ነበር?» አልሁ።

«ደህና ነበር።»

«ቁርስ ተበልቷል?»

«ተበልቷል» አለ ፈገግ ብሎ። «ጸዳለስ? ተበልቷል?»

ገብቶታል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እስክንሳፈር ድረስ ምንም አልተናገርሁም።

በጋሳይ መንገድ በሚኒባስ ሄደን ከወረድን በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ነው። ነፋሱ ከጉና ይወርዳል። ማሳው ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል፤ በጎች ተበትነዋል። ዮሴፍ በየመቶ እርምጃው ቆሞ ፎቶ ያነሣል። ድካሙን እንዳላይበት መሆኑ ገብቶኛል፤ እኔም ሲቆም የጫማዬን ማሰሪያ የማስተካክል እየመሰልሁ ጠበቅሁት።

«ስንት ኩብ ቀረን?» አለኝ።

«የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ጋ መታጠፊያው አለ። እዚያ ሲደረስ ድምፁ ይሰማል።»

«ከዚያ?»

«ከዚያ ይታያል።»

መታጠፊያው ደረስን። ቆምን። ጆሮዬን አቀናሁ። የሰማሁት በሩቅ የሚያናፋ አህያ ብቻ ነው።

«ነፋሱ ወደዚያ ስለሚወስደው ይሆናል» አልሁ።

ነፋሱ ፊታችንን እየመታን ነበር።

ዞር ስንል ገደሉ ታየ። ራቁቱን ቆሟል። ከንፈሩ የተሸራረፈ፣ መሐሉ ላይ ጉልበት የመሰለ ድንጋይ፣ ርጭቱ እስከሚደርስበት ድረስ የጠቆረ፣ ከዚያ ወዲያ አመድማ፤ ሁሉም በሠራሁት ልክ ነው። ውኃው ብቻ የለም። ከጉልበቱ ሥር ክር የመሰለ ነገር እየተንጠባጠበ አንዲት ወፍ ከእሱ ትጠጣለች።

ዮሴፍ አንገቱን ቀና አድርጎ ብዙ ቆየ።

«ከፍታው ትክክል ነው» አለ በመጨረሻ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። «አይቻለሁ» ብያለሁ፤ በጽሑፍ፣ ሰባት ሰው ፊት። አለማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ውሸታም መባል ግን ሌላ ነው። ምን እንደምለው ስፈልግ ከላይ የሴት ድምፅ መጣ።

«እናንተ! ምን ጠፍቶባችሁ ነው ገደል የምትማጠኑት?»

የአያ ሙላቴ ጎረቤት እታለም ትርንጎ ናቸው። ዶማ ተደግፈው ከአፋፉ ላይ ቁልቁል ያዩናል። አምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ መሬታቸውን የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ምላሳቸውን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል።

በጎን ባለው አቀበት ወጣን። እዚያ ነው የገባኝ። ከገደሉ ከንፈር ትንሽ ከፍ ብሎ ጅረቱ በድንጋይና በሣር ጓል ተገድቧል፤ ውኃው ሁሉ በቦይ ታጥፎ ወደ እታለም ትርንጎ የድንች መደብ ይገባል። አያ ሙላቴ ከቦዩ አፍ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ በትራቸውን በጉልበታቸው አጋድመው ይጠብቃሉ። የመንደሩ የውኃ አባት ናቸው፤ ማን በየትኛው ቀን ጅረቱን ጠልፎ እንደሚያጠጣ የሚዳኙት እሳቸው ናቸው።

ተሳሳምን። እንግዳዬን አስተዋወቅሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ ጠየቅሁ።

«አያ ሙላቴ፣ ነጭ ሻሽ ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ?»

«ደርቋል እኮ።»

«ማክሰኞ ነዋ! ማክሰኞ የትርንጎ ተራ ነው። ሰኞ የጌጡ፣ ረቡዕ የእኔ። በበጋ በሥራ ቀን ውኃ ገደል ይገባል እንዴ? እብድ ነን?»

«ግን እኔ ሁልጊዜ ሲወርድ ነው የማየው።»

አያ ሙላቴ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ጢማቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አንቺ የምትመጪው መቼ ነው?»

«በሚካኤል… በማርያም… እሑድ…»

«በሥራ ቀን መጥተሽ ታውቂያለሽ?»

በበዓል ቦይ አይከፈትም፤ ዶማ አይነሣም፤ የሚጠልፈው ስለሌለ ጅረቱ እንዳለ በገደሉ ይወርዳል። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ሙሉ ወደዚያ የሄድሁት ለበዓል ነው። የስልኬ ቪዲዮ ሁሉ፣ ኅዳር ዐሥራ ሁለት፣ ጥር ሃያ አንድ፣ የየካቲቱም እሑድ።

«እሰይ!» አሉ እታለም ትርንጎ። «ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ፏፏቴ ታያለች፣ ትሄዳለች። ድንቹ ከሰማይ ይወርዳል ብላ ይሆናል።»

አያ ሙላቴ በሣቅ እንባቸውን ጠረጉ። ዮሴፍም ሳቀ፤ እኔን ሲያይ ግን አቆመ።

«ነጭ ሻሽ በማክሰኞ የሚያስር ማን አለ?» ቀጠሉ እታለም ትርንጎ የራሳቸውን የጠቆረ ሻሽ እየነኩ። «እሷም እንደ እኛው ናት፤ ነጯን የምታስረው ለበዓል ነው።»

ዮሴፍ ጉሮሮውን ጠረገ። «እናቴ፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ሊለቀቅ አይችልም? ሲወርድ ለማየት ያህል ነው።»

«ለማየት ብቻ?»

«አዎ።»

«አይተኸውስ?»

«ጨዋታ እንሠራለን። ለጨዋታው ነው።»

«ለጨዋታ!» እታለም ትርንጎ ወደ አያ ሙላቴ ዞሩ። «አያ ሙላቴ፣ ሰሙ? ከአዲስ አበባ ድረስ ለጨዋታ መጣ። እንዲህ ትልቅ ሰውዬ!»

«የሰው ተራ እኔ አልሰብርም» አሉ አያ ሙላቴ፣ አሁን ሳቁን ትተው። «ተራው የእሷ ነው። ልልቀቅ ካለች ትልቀቅ።»

እታለም ትርንጎ ዶማቸውን መሬት ላይ ተከሉና ወደ እኔ ዞሩ። «እሱን አላውቀውም። አንቺ የእኛው ነሽ። ልቀቁልኝ ካልሽኝ እለቅልሻለሁ። በይ ንገሪኝ።»

ሁሉም አዩኝ። እንደዚህ ሲያዩኝ ድምፄን የምዘጋበት ነገር በእጄ የለም።

መደቡን አየሁት። የላይኞቹ ትልሞች ጠግበው ጠቁረዋል። የታችኞቹ ገና ናቸው፤ አፈሩ ተሰነጣጥቆ የድንቹ ቅጠል ጫፉን ጠቅልሏል። የሚቀጥለው ተራ በሳምንቱ ነው። ጅረቱ ለግማሽ ሰዓት ቢለቀቅ፣ ተመልሶ ተጠልፎ ቦዩን ሞልቶ እስኪደርስ ቀኑ ይመሻል። ይህን ለማስላት ዩኒቨርሲቲ መማር አያስፈልግም። በሌላ በኩል ደግሞ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፤ ዮሴፍ ያያል፣ ፏፏቴው ይገባል፣ እኔም እቀጥላለሁ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ።

«አይለቀቅ» አልሁ።

ድምፄ ጮክ ብሎ ስለወጣ እኔው ደነገጥሁ።

«ምን አልሽ?» አሉ አያ ሙላቴ።

«ተራው የእሳቸው ነው። አይለቀቅ።»

እታለም ትርንጎ ዶማቸውን ነቀሉ። «ጎሽ» አሉ። «ብትጠይቂኝ ኖሮ እለቅልሽ ነበር። ከዚያ ዕድሜ ልክሽን ስሰድብሽ እኖር ነበር።»

አያ ሙላቴ ወደ ዮሴፍ ዞሩ። «ሐሙስ ና። ማንንም ሳትለምን ታየዋለህ።»

«ሐሙስ ምንድን ነው?»

«ዐሥራ ሁለት ነዋ!»

«ዐሥራ ሁለት… ምን?»

አያ ሙላቴ እንደ ታመመ ሰው አዩት። «ልጄ» አሉ በሐዘኔታ፣ «ሚካኤል ነው።»

ዮሴፍ ግን የአውሮፕላን ትኬቱ ለረቡዕ ማታ፣ ከባሕር ዳር ነበር። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ብዙ አላወራም። ሲወርድ ብቻ፣ «በርቺ» አለኝ። በርቺ የሚባል ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራ ያጣ ሰው ነው።

ረቡዕ ጠዋት ለሐሙሲት መልስ ልሰጥ ነበር። ስልኩን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥሁትና ኮምፒውተሬን ከፈትሁ።

መጀመሪያ ጉሙን አጠፋሁ። አራት ቀን የፈጀው ነገር በአንድ ቁልፍ ሄደ። ቀጥዬ ውኃውን አነሣሁ። ጥቁሩን ዐለት አልነካሁትም፤ ውኃ የወረደበትና አሁን የሌለበት ዐለት ከሩቅ ሲታይ ከፏፏቴው ይልቅ ዓይን ይይዛል። አየት አድርጎ የሚያልፈው የለም፤ «ውኃው የት ሄደ?» ያሰኛል። ከዚያ በጎኑ አቀበት አበጀሁ። ከከንፈሩ በላይ ዐሥራ ሁለት ኩብ ርቄ ጅረቱን በድንጋይና በሣር ኩብ ገደብሁት። ቦይ ቆፈርሁ። መደብ ሠራሁ፤ የላይኞቹን ትልሞች ጥቁር፣ የታችኞቹን ገና ደረቅ። የጨዋታው ቀን ከእውነተኛው ቀን ጋር እኩል ይሄዳልና፣ በመጨረሻ ለጅረቱ የቀን ደንብ ጻፍሁለት፤ በሥራ ቀን ወደ ቦይ፣ በእሑድና በበዓል ወደ ገደል። በዓላቱን ማንንም አልጠየቅሁም። ዐሥራ ሁለት፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ዘጠኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ላክሁለት። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። እኔ ስልክ አላነሣም፤ እጽፋለሁ እንጂ። ያን ቀን አነሣሁ።

«ፏፏቴውን አደረቅሽው!» አለ ዮሴፍ። ከጀርባው «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር! አንድ ሰው የቀረው!» የሚል ጩኸት ይሰማል። መናኸሪያ ነው ያለው።

«በሥራ ቀን ብቻ ነው።»

«በጨዋታው ወደ ላይ ወጥቼ ቦዩን አየሁት። ድንቹንም። የሚያምር ነገር ነው፣ ጸዳለ። ግን ታምራት አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ ‹ሲወርድ አይተሃል?› ይለኛል። ምን ልበለው?»

ረዳቱ እንደገና ጮኸ። «ወንድሜ፣ ትሄዳለህ ወይስ ትቆማለህ?»

«አትሂድ» አልሁ።

«ምን አልሽኝ?»

«ሐሙስ ነገ ነው። አትሂድ።»

«አንተ አልሽኝ እኮ» አለ።

ስልኩን ዘጋሁት። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ማን ነው?» አለችኝ። «ውኃ ነው» አልኋት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ሥራዬን ለምዳዋለች።

ሐሙስ ጠዋት ወጣን። ዮሴፍ በሆቴሉ አስተናጋጅ ነጠላ ትከሻውን ተሸፍኖ ነበር፤ አለባበሱን አላወቀበትም፤ መንገደኛ ሁሉ ያስተካክልለት ጀመር። አንድ ዲያቆን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ሴቶች ሌላ ጊዜ። ሁሉም በየራሱ መንገድ ስላስተካከለው ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ከጀመረው ይልቅ ተበላሽቶ ነበር።

መታጠፊያው ላይ ግን እኔን ቀድሞ ቆመ። እጁን አነሣ።

ይሰማል። መጀመሪያ ነፋስ ይመስላል፤ ነፋሱ ሲቆም ግን አይቆምም።

ቅዳሴ ተፈጽሞ ሰዉ ነጭ በነጭ ሆኖ ከግቢው ይወጣ ነበር። ከእነሱ ጋር ወረድን። ነጭ ሻሽ ከአፋፉ እስከ ኩሬው ተዘርግታለች፤ ጉልበቱ ላይ ለሁለት ተከፍላ፣ ሥሩ ላይ ጉም ሆና። ዮሴፍ ሳያስተውል ተጠግቶ ኖሮ ነጩ ጫማው እስከ ማሰሪያው ገባ።

«አሁንስ ፊትህን ረጨህ?» አልሁት።

«ረጨኝ» አለ፣ ፊቱን ሳይጠርግ።

አያ ሙላቴ በትራቸውን ይዘው ከኋላችን መጡ። ዮሴፍ በውኃው ድምፅ ላይ ጮኾ፣ «ማን ለቀቀው?» አላቸው።

«ማንም አልለቀቀውም። ማንም ስላልጠለፈው ነው» አሉ፣ ልዩነቱ ለሕፃን እንኳ ግልጽ እንደሆነ ሁሉ።

ዮሴፍ ለታምራት ደወለ። ስልኩን ወደ ፏፏቴው ዘረጋው፤ ከዚያ ጆሮው ላይ አደረገው። «ሰማህ? …አዎ፣ ይወርዳል። …አይ፣ ማክሰኞ አይወርድም። …ሚካኤል ስለሆነ ነው። …እኔ ልነግርህ አልችልም፤ ያዝ፣ እሷ ትንገርህ።»

ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ።

ለታምራት ለዐሥር ደቂቃ ያህል ተናገርሁ። በሕይወቴ ረዥሙ የስልክ ንግግር ነው። ስለ ተራው፣ ስለ ቦዩ፣ ስለ ቪዲዮዎቼና ስለ ስሕተቴ ነገርሁት። «አይነጥፍም» ማለቴ ልክ እንዳልነበረ፣ ያየሁት ግን እውነት እንደነበረ ነገርሁት።

«ተጫዋቹ ‹ተበላሽቷል› ነው የሚለው» አለ ታምራት። «አንድ ቀን ያየዋል፣ በማግሥቱ ያጣዋል። ስድብ ነው የሚያዘንብብን።»

«ይሳደብ። ይገርመውና ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ቦዩን ያያል።»

«ካልወጣስ?»

«እኔም ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አልወጣሁም» አልሁ። «እሱ ከእኔ ይፈጥናል።»

ታምራት፣ «የበዓላቱን ዝርዝር የዓመቱን በሙሉ ላኪልኝ» አለ። «ወንዞቼን ሁሉ ላስተካክል ነው። ጅረትሽ ብቻውን ጻድቅ አይሆንም።»

ስልኩን ስመልስ ዮሴፍ የሙከራዬ ነገር ምን እንደሆነ ሳልጠይቀው ነገረኝ። እታለም ትርንጎ አጠገባችን ነበሩ፤ ወተት የመሰለ ሻሽ አስረዋል። ስለ ቅጥሩ ሲሰሙ «ድንቼም ተቀጠረ በሉኛ!» አሉ።

«ደጋ» ለሙከራ ተጫዋቾች የተለቀቀው በጥቅምት ነው። ታምራት እንዳለው ስድቡ ዘነበ። «ፏፏቴው ተበላሽቷል»፣ «ትናንት ነበር፣ ዛሬ የለም»፣ «ገንዘቤን መልሱ» ያለም አለ፤ ጨዋታው ነጻ ነው። በዘጠነኛው ቀን አንዲት ልጅ፣ «ተውት አልተበላሸም፤ ወደ ላይ ውጡና እዩ። ደግሞ ዛሬ ስንት ቀን እንደሆነ እናቶቻችሁን ጠይቁ» ብላ ጻፈች። ስሟን አላውቅም፤ ብዙ ጊዜ አስባታለሁ።

በዚያው ወር ወደ መንደሩ ስወጣ ኮምፒውተሬን ይዤ ነበር። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ አሁን በሥራ ቀንም እሄዳለሁ። እታለም ትርንጎ ቦዩ ዳር ተቀምጠው መደባቸውን በስክሪን አዩት።

«ትልሜ ጠመመ» አሉ። «ደግሞ ድንቹ አነሰ። ይኼ ምንድን ነው? እዚህ ጋ ደርቋል እኮ!»

አየሁት። በጨዋታው ውስጥም ማክሰኞ ነበር፤ ግድቡ ግን ፈርሷል። ተጫዋቹ ሁሉ የሚገባው ወደ አንድ ዓለም ነው፤ የሆነ ሰው የሣሩን ኩብ ሰብሮ ውኃውን ወደ ገደል ለቆታል፤ የታችኞቹ ትልሞች ጠውልገዋል።

«ማን ነው?» እታለም ትርንጎ ተነሡ። «በእኔ ተራ? አያ ሙላቴ! ውኃ ተሰረቀ!»

አያ ሙላቴ ከመደባቸው እየተንደረደሩ መጡ። ስክሪኑን አዩ፤ ፊታቸው ጠቆረ። «ይታወቃል ማን እንደሆነ?»

«ይመዘገባል» አልሁ። ከፍቼ አየሁት፤ ሣቄን ለመዋጥ ጊዜ ወሰደብኝ። «ዮሴፍ ነው። ሲወርድ ማየት አምሮት ይሆናል።»

«በማክሰኞ?»

«በማክሰኞ።»

አያ ሙላቴ በትራቸውን ይዘው ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። የሰው ተራ የሰበረ ሰው ቅጣቱ በመንደሩ የታወቀ ነው፤ በጥቅምት ጠረጋ ጊዜ ከአፍ እስከ ጭራ ቦዩን ይጠርጋል።

«ንገሪው» አሉኝ። «በጨዋታ ነው ብሎ እንዳያሾፍብኝ። ሰኞ ጠረጋ ነው።»

ጻፍሁለት። «አጥፍቻለሁ፤ እመጣለሁ» ብሎ መለሰ።

መጣም። መናኸሪያው ጋ ስቀበለው ያን ነጭ፣ ሶሉ የሳሳ ጫማ ነበር ያደረገው።

«በዚህ ነው ቦይ የምትጠርገው?» አልሁት።